ገና ከመሬት በላይ

ሚስ ክላራ ያረፉት በመጋቢት፣ በረዶው መቅለጥ በጀመረበት ሳምንት ነው። ከሆስፒታል የተደወለው ለእኔ ነበር። ነርሷ ስሜን እንደ ምንም ብላ ከጠራች በኋላ፣ "ቤተሰባቸው እርስዎ ነዎት?" አለችኝ።

"ቤተሰብ አይደለሁም። የሚኖሩበት ሕንፃ ሱፐር ነኝ" አልኳት።

"እዚህ የተመዘገበው የእርስዎ ስልክ ብቻ ነው" አለችና ነገረችኝ። እንዲሁ ቆሜ፣ በአንድ እጄ የቧንቧ መፍቻ እንደያዝኩ።

በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም። ወዳጅ ዘመድ አስቀድሞ ይመካከራል፤ ወሬውን ይዞ ያድራል። ጎህ ሲቀድ፣ የሞተበት ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌ ፊት ፊት ሄዶ በሩን ያንኳኳል። እኔ ቶሮንቶ ውስጥ ስንቱን በር እንዲህ አንኳኩቻለሁ፤ ሬክስዴልም፣ ስካርቦሮም፣ እዚሁ ፍሌሚንግደን ፓርክም። ያን ዕለት ግን ስልኩን ዘግቼ ደረጃው ላይ ስቀመጥ ከዚህ በፊት ያልገጠመኝ ነገር ገጠመኝ። የሚስ ክላራን መርዶ ማን በር ላይ ልውሰደው? ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ወንድማቸው ቀድሟቸዋል፤ የወንድማቸው ልጅም በውርስ ተጣልቷቸዋል። "ቀባሪ አያሳጣህ" ተብሎ የሚመረቅበት አገር ልጅ ነኝና ነገሩ አስጨነቀኝ።

የተዋወቅነው በጠብ ነው። በሕንፃው ሱፐርነት፣ ማለትም በጠባቂነትና በጠጋኝነት፣ ሥራ በጀመርኩበት ክረምት ኮሪደሩን ስዞር የአንድ አፓርትመንት በር በጡብ ተደግፎ ተከፍቶ አገኘሁ። ውስጥ አንዲት ቀጭን ነጭ አሮጊት መስኮት አጠገብ ተቀምጠው መጽሐፍ ያነባሉ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በር በጡብ ማስደገፍ ክልክል ነው። የእሳት አደጋ ሕግ አለ" አልኳቸው።

ከመጽሐፉ ቀና ሳይሉ፣ "ይህች ጡብ ከእሳት ነው የወጣችው። እሳት አትፈራም" አሉኝ።

"እኔ የፈራሁት ለእርስዎ ነው።"

"ለእኔ አትፍራ" አሉና መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። "ገና ከመሬት በላይ ነኝ።"

ይህች አነጋገር የዘወትር ሰላምታቸው መሆኗን በኋላ ነው ያወቅኩት። ኤሌቬተር ውስጥ "እንዴት አደሩ?" ሲባሉም፣ የሕክምና ቀጠሮ ላይም፣ "ገና ከመሬት በላይ" ነው መልሳቸው። ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ጡቡን ላነሳ ጎንበስ አልኩ። አገር ቤት ሳለሁ ግንበኛ ነበርኩ፤ ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ያገኘሁትን ጋዜጣና መጽሐፍ ሁሉ እያነበብኩ ራሴ ነኝ የጨመርኩት። ጡብ ግን አውቃለሁ። ይህቺኛዋ የፋብሪካ አልነበረችም። በእጅ የተጠፈጠፈች፣ አንዱ ጠርዟ ያበጠ፣ መልኳ እንደ ደረቀ በርበሬ የጠቆረ ነው። ስገለብጣት ከጎኗ አራት ትናንሽ ጎድጓዶች አየሁ።

"ጣት ነው" አሉኝ ሚስ ክላራ። አሁን መጽሐፉን አጥፈዋል። "ሳትደርቅ ያገላበጣት ሰው ጣት። ሞክረው እስቲ።"

ሞከርኩ። ጣቴ አልገባም። የእሳቸው ቀጫጭን ጣቶችም አልገቡም።

"የልጅ ነው" አልኩ።

"የልጅ ነው። በአባቴ ቤት የፈረሶቹ ስም እንኳ ሳይቀር ይታወቃል፤ የዚህ ልጅ ስም ግን አይታወቅም።"

ጡቡን መልሼ በሩ ሥር አኖርኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ እሳት አደጋ ሕግ አንስቼባቸው አላውቅም።

ሚስ ክላራ ዌንትፊልድ የተወለዱት አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ ወንዝ ዳር በተሠራ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ነው። አሜሪካ አገር ከመሆኗ አስቀድሞ መሬት ከያዙት ቤተሰቦች አንዱ የእሳቸው ነው። ዳኞች፣ የጦር አለቆች፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት የወጡበት ቤት ነው። ቤቱ ዛሬም አለ፤ ሰው ከፍሎ ይጎበኘዋል፤ ሙሽሮች በረንዳው ላይ ፎቶ ይነሡበታል። ቤቱን ያቆመው፣ ትምባሆውን የተከለውና የለቀመው ግን በባርነት የተያዘ ጥቁር ሕዝብ ነው። ሚስ ክላራ በወጣትነታቸው፣ አሜሪካ ቬትናም በዘመተችበት ጊዜ፣ ለጦርነት አልሄድም ያለ እጮኛቸውን ተከትለው ወደ ካናዳ ተሻገሩ። እጮኛቸው ብዙም ሳይቆይ ሌላ አገባ። እሳቸው ቀሩ። እዚሁ በአንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆነው ጡረታ ወጡ። ከዚያ ቤት ያወጡት ዕቃ ያቺን ጡብ ብቻ ነው፤ ከፈረሰ የኩሽና ግድግዳ ያነሷት።

"ለምን ጡብ?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

"የብር ሳህኖቹን ወንድሜ ቆጥሯቸው ነበር" አሉኝና ሳቁ። ቀጥለው ግን፣ "የቆመ ነገር ሁሉ የቆመው ሰው ላይ ተደግፎ ነው፣ ሚስተር ታደሰ። ማን ላይ እንደተደገፍኩ እንዳልረሳ ነው" አሉ።

አንድ የገና በዓል ቤታችን ጠራናቸው። ባለቤቴ አስቴር ዶሮውን ለእሳቸው ብላ አለዝባ ሠርታለች። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ከመብላታችን በፊት ልጆቹን ሰባት ቤት አስቆጥራለሁ። ያኔ ቤቲ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ናቲ ትንሽ ነው። ናቲ ይጀምራል፦ ናትናኤል ታደሰ፣ ታደሰ ወልዴ፣ ወልዴ ካሳ፣ ካሳ ይመር... አምስተኛው ላይ ወደቀ።

"ሥር የሌለው ዛፍ ማገዶ ነው!" ብዬ ተቆጣሁ።

"ዳድ፣ እሱ ሀንግሪ ነው፤ ይብላ" አለች ቤቲ።

ሚስ ክላራ ምን እንደምናደርግ ጠየቁ። ቤቲ በእንግሊዝኛ አስረዳቻቸው። ሹካቸውን አስቀመጡ፤ ወገባቸውን አቅንተው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው፣ ቆጠሩ። ሰባት አይደለም፤ ከሰባት አለፉ። እያንዳንዱ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማንን እንዳገባ፣ የትኛውን የቤቱን ክንፍ እንደሠራ፣ አንድም ሳይደናቀፉ እንደ መዝሙረ ዳዊት አወረዱት። ልቤ በደስታ ሞላ።

"አያችሁ!" አልኩ ጠረጴዛውን መትቼ። "ፈረንጅ እንኳ ሥሩን ያውቃል! እፈሩ!"

ቤቲ ግን አላፈረችም። "ሚስ ክላራ" አለች፣ "ጡቡን የሠራው ልጅስ? እሱ ስንተኛው ላይ ነው?"

አስቴር እግሬን ረገጠችኝ። ሚስ ክላራ ግን ቤቲን እያዩ ፈገግ አሉ፤ ደስታ የሌለው ፈገግታ። "ከተወለድኩ ጀምሮ ይህን ስቆጥር ብዙ ሰው አጨብጭቦልኛል። ይህን የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ሚስተር ታደሰ፣ በአንተ ቆጠራ ውስጥስ ውኃ የሚቀዳው ማን ነበር?"

"የእኛ ቤት እንደ እናንተ አልነበረም" አልኩ ቶሎ ብዬ።

ወጡ ቀዘቀዘብኝ። እውነቱን ለመናገር፣ በአያቴ በካሳ ቤት ከሩቅ አገር የመጣች አንዲት ሴት ነበረች። እህል ትፈጫለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ጓዳ ታድራለች። አባቴን ያሳደገችው እሷ ናት ሲባል ሰምቻለሁ። በሳምንቱ አገር ቤት ያለችው አክስቴ ዘንድ ደወልኩ። "እሷማ ጎበዝ ሠራተኛ ነበረች" አለች አክስቴ። "ስሟ? ስሟን ማን ያስታውሳል ልጄ! ምን አስፈለገህ? ሙት ወቃሽ አትሁን።" ሚስ ክላራን ለጥቂት ሳምንት ሸሸኋቸው። የሰው ልጅ የተናደደበትን ሰው የሚሸሽ ይመስለዋል፤ የሚሸሸው ግን ጥያቄውን ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ሩት የመጣችው። እኔ የሚስ ክላራን መስኮት ከንፋስ ስደፍን በሩ ተንኳኳ። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ዩኒፎርም የለበሰች፣ በዕድሜ የእኔ እኩያ የምትሆን ጥቁር ሴት ቆማለች። እንግሊዝኛ አንቱና አንቺ የለውም፤ ሩት ስትናገር ግን አንቺ እንዳለቻቸው ያስታውቅ ነበር።

"ክላራ ዌንትፊልድ ነሽ?"

"ነኝ።"

"እኔም ዌንትፊልድ ነኝ። ሩት እባላለሁ።"

ሚስ ክላራ ወዲያው ገባቸው። በባርነት የነበሩት ሰዎች የጌቶቻቸውን ስም ይዘው ነው የቀሩት። የሩት ቅም አያት ከዚያ ግቢ አምልጦ ካናዳ የገባ ሰው ነው። እናቱ ዲና አልተከተለችውም፤ እዚያው ሞታ ከትልቁ ቤት ጀርባ፣ ከጥዶቹ ሥር ተቀብራለች። የጌቶቹ መቃብር በጡብ አጥር የተከበበ፣ እብነ በረድ የቆመበት ነው። ጥዶቹ ሥር ያለው ግን ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ መሬትና ጽሑፍ የሌለው ድንጋይ ብቻ ነው።

"ወንድምሽ በር ዘጋብኝ" አለች ሩት። "መቃብሯን ማየት ነው የምፈልገው። ሌላ የጠየቅኩት ነገር የለም።"

"እኔ ከዚያ ቤት ከወጣሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ" አሉ ሚስ ክላራ። "አይመለከተኝም።"

ሩት በሩ ሥር ያለችውን ጡብ አየቻት፤ ምን እንደሆነች ግን አላወቀችም። "ስትወጪ ታዲያ ስሙን ለምን ይዘሽ ወጣሽ?" አለችና ስልክ ቁጥሯን የጻፈችበትን ካርድ ጡቧ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ሚስ ክላራ ካርዱን አንሥተው ኪሳቸው ከተቱት። "የነገርኳት እውነት ነው" አሉኝ። "ግን ዋሸኋት።"

በዚያው ዓመት ወንድማቸው ቶማስ ደወሉ። ሠርገኛው ስለበዛ የመኪና ማቆሚያ ያስፈልጋል፤ ጥዶቹ ተቆርጠው መሬቱ አስፋልት ይሁን ነው ነገሩ። አባታቸው ሲናዘዙ ቤቱን ለሁለቱ ነው ያወረሱት፤ ሁለቱም ካልተስማሙ ምንም አይነካም፤ አንዱ ሲሞት ሁሉም ለቀሪው ይሆናል። ሚስ ክላራ ከዚያ በፊት ወንድማቸው ያሉትን ሁሉ "እንደፈለግህ" ይሉ ነበር። ያን ቀን ግን "አይሆንም" አሉ። ቶማስ ሳቁ አሉኝ። "ግድ የለም፤ ልብሽ ደካማ ነው፤ እጠብቃለሁ" አሏቸው።

እንግዲህ "ገና ከመሬት በላይ" የሚለው ቃል ያን ጊዜ ቀልድነቱ ቀረ። መኖር ሥራቸው ሆነ። ከወንድማቸው በላይ ካልኖሩ በቀር የዲና መቃብር ላይ መኪና ይቆማል። ጨው ተዉ፤ መድኃኒታቸውን እንደ ወታደር በሰዓቱ ዋጡ፤ ውጭው በረዶ ሲሆን በመደገፊያቸው ኮሪደሩን እየተመላለሱ ተራመዱ። ጎረቤቶች በራቸውን ከፍተው "በርቺ ሚስ ክላራ!" ይሏቸዋል። እሳቸውም፣ "ለጥዶቹ ነው፣ ለጥዶቹ!" ይላሉ። ማንም አይገባውም፤ ይስቃል።

እኔ ግን አንድ ነገር አልወደድኩላቸውም፤ ነገርኳቸውም። "ሩት ዘንድ ለምን አይሄዱም? ይቅርታ ይጠይቋት" አልኳቸው።

"በባዶ እጄ? ቤቱ የእኔ ሲሆን መሬቱን ይዤላት እሄዳለሁ።"

"ይቅርታ እኮ ስጦታ አይደለም፤ ተጠቅልሎ አይሄድም።"

"አንተ ሰባኪ ነህ፣ ሚስተር ታደሰ።"

"እርስዎ ደግሞ ኩሩ ነዎት። ኀፍረትዎ ራሱ ኩራት ነው።"

ተኮራረፍን። ለፋሲካ አስቴር አስታረቀችን።

ዓመታት አለፉ። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሕንፃው ቢሮ ስልክ ጮኸ። የቶማስ ልጅ ነው፤ አክስቱ ስልክ አላነሳ ስላሉት። "አባቴ ዛሬ ጠዋት አርፏል። ንገርልን" አለኝና ዘጋ።

ቤት ስገባ ቤቲ ነበረች። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ይዛለች። "ዳድ፣ አሁኑኑ ውጣና ንገራት! ወይም ኮል አድርግላት! ወንድሟ እኮ ነው!"

"ሰው መርዶ እንዲህ አይነገረውም። ነገ ጎህ ሲቀድ።"

"እሷ ሀበሻ አይደለችም!"

"ሰው ናት" አልኳት።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ከቤተ ክርስቲያናችን ጋሽ መርዕድ፣ ሁለት እህቶች፣ አስቴርና እኔ ኤሌቬተር ውስጥ ቆምን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጋሽ መርዕድ ስንት ለቅሶ የመሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እንግሊዝኛ ግን አይሆንላቸውም። ሚስ ክላራ በሌሊት ልብሳቸው ከፈቱ። አንድ በአንድ አዩን።

"ሕንፃው እየተቃጠለ ነው?" አሉ።

"ግቡ በሉን" አልኳቸው።

ተቀመጥን። ጋሽ መርዕድ ጉሮሯቸውን ጠርገው በአማርኛ ጀመሩ፦ "እሜቴ፣ ሰው ሁሉ እንግዳ ነው። ጌታ የሰጠውን ጌታ ይወስዳል..." እኔ ልተረጉም አፌን ስከፍት ሚስ ክላራ እጃቸውን አነሡ።

"ቶም ነው?"

"አዎ።"

ያን ጊዜ በልቤ ምን እንዳሰብኩ ልናገር፤ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ከወንድማቸው በላይ ኖሩ! ጥዶቹ ተረፉ! ሚስ ክላራ ግን ፊታቸው ቀስ ብሎ ፈረሰ። "ዛፍ መውጣት ያስተማረኝ እሱ ነው" አሉ። "ወድቄ ክንዴ ሲሰበር ተሸክሞኝ እየሮጠ ከእኔ በላይ ያለቀሰው እሱ ነው።" ከዚያ አለቀሱ። የእኛ ሴቶች ደግሞ ለቅሶ ያውቃሉ፤ አንድም ቀን ያላዩትን ሰው አብረዋቸው አለቀሱለት። ሦስት ቀን ተፈራርቀን ተቀመጥን። የኮሪደሩ ሰው ሁሉ ምግብ እየያዘ መጣ፤ ፓኪስታኑም፣ ሶማሌውም፣ ፊሊፒኗም። አንድ ቀን ሚስ ክላራ ጠሩኝ።

"መቼ ነው የሰማኸው?"

"ዓርብ ከሰዓት።"

"እስከ ቅዳሜ ንጋት ይዘኸው አደርክ ማለት ነው።"

ሊቆጡኝ መስሎኝ፣ "ወጋችን ነው" አልኩ።

"ስለዚህ አንድ ሌሊት ወንድም ጨመርክልኝ" አሉና እጄን ያዙ።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ስካርቦሮ፣ ሩት ቤት የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። በመንገዱ ሁሉ ጡቧን ፎጣ ላይ አድርገው ጭናቸው ላይ ይዘዋት ነበር። ሩት ጡረታ ወጥታለች። በር ከፍታ ስታየን አላስገባችንም፤ እሷም ደፉ ላይ ቆመች።

"አሁንስ ተመለከተሽ?" አለች።

"ያኔም ይመለከተኝ ነበር" አሉ ሚስ ክላራ። "ፈርቼ ነው።"

ጡቧን አቀረቡላት። ስለ ጣቶቹ ነገሯት። ሩት ተቀበለች፤ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች፤ ትንሿን ጣቷን ከአንዱ ጎድጓድ ውስጥ ለማስገባት ሞከረች። አልገባም። ፊቷ ግን ተለወጠ።

"ግቡ" አለች።

ሚስ ክላራ ጥዶቹ ያሉበትን መሬት ለሩትና ለዘመዶቿ እንደሚያስተላልፉ ነገሯት። ቀጥለውም፣ "ትልቁን ቤት ግን ላፈርሰው አስቤያለሁ" አሉ፤ ሩት የምትደሰት መስሏቸው።

ሩት ሳቀች። "አሁንም የአንቺ ብቻ ይመስልሻል! ያን ግድግዳ ማን ያቆመው ይመስልሻል? የእኔ ሰዎች እጅ የሠራውን አንቺ ማነሽና የምታፈርሺው?"

ሚስ ክላራ አንገታቸውን ደፉ። ሲወጡ፣ በሩ ላይ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ አንድ ነገር ጠየቋት። "ስሞት አጥሩ ውስጥ፣ ከአባቴ ጎን፣ ቦታ አለኝ። እዚያ አልፈልግም። ፈቃድሽ ቢሆን... ጥዶቹ ዳር።"

"አስብበታለሁ" አለች ሩት። በሩን ዘጋችው።

የመሬቱ ወረቀት በዚያው በጋ ተፈረመ። የቤቱ ነገር ግን ኑዛዜውን አልቀበልም ካለው ከቶማስ ልጅ ጋር እስከ ዛሬ ክርክር ላይ ነው። ሩት አንዳንዴ እየመጣች ከሚስ ክላራ ጋር ትቀመጣለች። ወዳጆች ነበሩ አልልም። ሩት ትጠይቃለች፤ ሚስ ክላራ የሚያስታውሱትን ይነግሯታል፤ አንዳንዴ ሩት በቁጣ ተነሥታ ትሄዳለች፤ ደግሞ ትመጣለች። የቦታውን ነገር ግን ሚስ ክላራ ደግመው አልጠየቋትም፤ እሷም አላነሳችም።

እኔ ቤት ደግሞ አንድ ነገር ተጨመረ። ልጆቼ ሰባት ቤት ቆጥረው ሲጨርሱ ወዲያው ማዕድ አንቆርስም። ጥቂት ዝም እንላለን። ዝምታው ስሟን ያጣንላት ሴት ናት። ቤቲ ናት ያመጣችው፤ እኔም አልከለከልኩም።

እንግዲህ ሆስፒታሉ የደወለልኝ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳስብ፣ መርዶው የሚሄድበት በር አንድ ብቻ መሆኑ ታየኝ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አስቴር፣ ጋሽ መርዕድ፣ ያው ሁለቱ እህቶችና እኔ ስካርቦሮ ሄድን። ቤቲም አብራን መጣች፤ ነጠላዋን እናቷ አዘቀዘቀችላት። ዝናብና በረዶ ተቀላቅሎ ይጥላል። ሩት ከፈተች። ነጠላውን አየች፤ ሽማግሌውን አየች። ያንን የቅዳሜ ንጋት ሚስ ክላራ ነግረዋት ኖሯል።

"ክላራ ናት" አለች። ጥያቄ አልነበረም።

አላለቀሰችም። ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እኛም ዙሪያዋን ተቀመጥን። ጡቧ መስኮቷ ላይ አለች። መጠየቅ ግድ ሆነብኝ።

"ሩት፣ ያ የጠየቁሽ ቦታ... መልስሽን ሳይሰሙ ሄዱ።"

ሩት ወደ ጡቧ እያየች ተናገረች። "አይሆንም" አለች። "ክፋት አይደለም፤ ክላራን አልጠላትም ነበር። ግን እነዚያ ሰዎች ከዌንትፊልዶች ያረፉት ሲሞቱ ብቻ ነው። አልጋቸው አጠገብ አንዷን አምጥቼ አላስተኛባቸውም።"

ጋሽ መርዕድ ተተርጉሞላቸው ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "ልክ ናት" አሉ በቀስታ። እኔ ግን ልቤ ተሰበረ። አንዲት አሮጊት ለእነዚያ መቃብሮች ስትል ዓመታት ልቧን እየጎተተች መኖሯን አይቻለሁና። ግን ሩት ልክ ናት። አንዳንድ በር ሲለመን አይከፈትም፤ ያንኳኳው ሰው ንጹሕ ስላልሆነ ሳይሆን ውስጥ ያለው ሰው መተኛት ስላለበት ነው።

ሩት ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ሄዳ የቀረች መስሎን ልንወጣ ስንል ጥቁር ካፖርት ለብሳ፣ ጫማዋን እያሰረች መጣች። "ታዲያ የት ነው የምንቀብራት?" አለች።

የቀበርናቸው እዚያው ስካርቦሮ ውስጥ ነው። ጥቂት ሰው ነበርን፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎችና የኮሪደሩ ጎረቤቶች። የመቃብር ቦታው ሠራተኛ ስም ሲጠይቅ ሩት "ዌንትፊልድ" አለች።

ሰውየው ሣጥኑ ላይ ያለውን ስም አየ፤ እሷን አየ። "ምናቸው ነዎት?"

ሩት ወደ ቤቲ ዞራ አየች። ከዚያ፣ "ልቀብራት የመጣሁ ነኝ" አለች።

በእኛ ቋንቋ ለዚህ አንድ ቃል አለ፤ ቀባሪ የሚል፤ ከዘመድም የሚበልጥ ቃል ነው። አልነገርኳትም። ጊዜው አልነበረም።

ሣጥኑ ከወረደ በኋላ ሩት ጎንበስ ብላ ከተቆፈረው አፈር ዘገነች። የቶሮንቶ ጭቃ በበረዶ መቅለጫ ወራት ለጡብ የተመቸ ነው፤ እኛ ሰፈር አጠገብ ባለው ሸለቆ ውስጥም ድሮ ጡብ ይሠራበት ነበር። ጭቃውን ጨብጣ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ለቀቀችው። ሣጥኑ ላይ ሲያርፍ አልተበተነም። ጉድጓዱ ዳር ቆሜ ቁልቁል አየሁት፤ የጣቶቿ ምልክት፣ አራቱም፣ ታትሞበት ነበር።